ጎረቤትህ ቢያውቅስ? የሚሺጋኑ ደብዳቤ እና በይሉኝታ የተሰጠ ድምፅ

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ኦገስት 8 ቀን 2006 የተካሄደው ምርጫ ይህ ነው የሚባል ወሬ አልነበረውም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ፓርቲዎች ለኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ዕጩ የሚለዩበት የማጣሪያ ዙር ነው። በዴሞክራቶች በኩል አገረ ገዢዋም ሴናተሯም ተፎካካሪ አልነበራቸውም። በሪፐብሊካኖች በኩል ለሴኔት ዕጩነት ፉክክር ነበር፤ እሱም ቢሆን ሰውን ከቤቱ ነቅሎ የሚያስወጣ አልነበረም። ወሩ ደግሞ የእነሱ በጋ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የሰው ሐሳብ ሌላ ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ምርጫ ብዙው ሰው ይቀራል።

ታዲያ ይህ ተራ ምርጫ ስለ መራጭ ባህሪ በሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ ውስጥ የሚነሳው ለምንድን ነው? ማን አሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚነሳው ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው በፖስታ በተላከ አንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

ወደ ወረቀቱ ከመግባቴ በፊት ከኋላው ያለውን ጥያቄ ላንሳ። ሰው ለምን ይመርጣል? ጥያቄው ቂላቂል ይመስላል። አንቶኒ ዳውንስ የተባለው ኢኮኖሚስት ግን በ1957 ሒሳቡን ሲሠራው አልመጣለትም። የአንተ አንድ ድምፅ በሚሊዮኖች መካከል ውጤት የመቀየር ዕድሉ ከምንም አይቆጠርም። ድካሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ሰልፉ አለ፣ ከሥራ መቅረቱ አለ፣ ዝናቡ አለ። ትርፍና ኪሳራውን የሚያሰላ ሰው ቤቱ መቅረት ነበረበት። ሰው ግን በሚሊዮን ይወጣል።

በ1968 ራይከር እና ኦርድሹክ የተባሉ ሁለት ምሁራን ክፍተቱን ሊሞሉ ሞከሩ። ሒሳቡ ላይ አንድ ፊደል ጨመሩበት፤ የዜግነት ግዴታ ስሜት። ሰው የሚመርጠው ግዴታውን ሲወጣ ደስ ስለሚለው ነው አሉ። እኔ በበኩሌ ይህ መልስ መልስ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ሰው ለምን መረጠ? መምረጥ ስለሚፈልግ። እሺ፣ ለምን ፈለገ?

ሰዎቹን ራሳቸውን እንጠይቃቸው እንዳይባል ሌላ ጣጣ አለ። ሰው ስለ ምርጫ ሲጠየቅ ይዋሻል። በአሜሪካ በመጠይቅ «አዎ፣ መርጫለሁ» ያሉ ሰዎች መልስ ከመዝገቡ ጋር ሲመሳከር፣ ጣቢያው ደጃፍ ያልደረሱ ሰዎች ተገኝተዋል። ያውም ጥቂት አይደሉም። የሚገርመው ውሸቱ ወደ አንድ ወገን ማድላቱ ነው። መርጦ ሳለ አልመረጥኩም የሚል ከስንት አንድ ነው። ያልመረጠው ግን መርጫለሁ ይላል። ያፍራላ።

አላን ገርበር እና ዶናልድ ግሪን የተባሉት በወቅቱ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መጠየቁን ትተው መሞከርን መረጡ። በ1998 ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ወደ 30,000 የሚሆኑ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው፣ ለከፊሉ ቤቱ ድረስ ሰው ላኩ፣ ለከፊሉ ስልክ አስደወሉ፣ ለከፊሉ ደብዳቤ ላኩ። በር አንኳኩቶ ፊት ለፊት ማናገር በደንብ ሠራ። ስልኩ ምንም አላመጣም። ደብዳቤው ከግማሽ የመቶኛ ነጥብ ብዙም ያልዘለለ ጭማሪ አመጣ። ከዚያ በኋላ ፖስታ ለምርጫ ቅስቀሳ ደካማ መሣሪያ ነው የሚለው ነገር እየጸና ሄደ።

እዚህ ላይ ማርክ ግሬብነር የሚባል ሰው ይመጣል። ሚሺጋን፣ ኢስት ላንሲንግ ውስጥ የምርጫ ዘመቻ አማካሪ ነው። ሥራው የመራጮችን መዝገብ ማሰባሰብና ማጣራት ነው። ስለዚህ ብዙው አሜሪካዊ የማያውቀውን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። በአሜሪካ ለማን እንደመረጥክ ምስጢር ነው፤ መምረጥ አለመምረጥህ ግን ምስጢር አይደለም። ጣቢያ ሄደህ ስምህ ላይ ምልክት ሲደረግ፣ ያ ምልክት መዝገብ ላይ ይቀራል። የዘመቻ ሰዎችም መዝገቡን በእጃቸው ያስገባሉ። ታዲያ ይህን መረጃ ለዘመቻዎች ብቻ ከመሸጥ ለሰፈሩ ሰው ብናሳየውስ? የግሬብነር ሐሳብ ይህ ነበር። ነገሩ ተንኮል ያለበት ይመስላል፤ አለበትም።

ገርበር እና ግሪን፣ ከኖርዘርን አዮዋ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ላሪመር ጋር ሆነው ሐሳቡን ወደ ጥናት ቀየሩት። ወደ 180,000 የሚጠጉ የሚሺጋን ቤተሰቦች ተመረጡ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 100,000 የሚሆኑት ምንም አልተላከላቸውም፤ ማነጻጸሪያ ናቸው። የቀሩት በአራት ተከፍለው፣ ለእያንዳንዱ ምድብ ወደ 20,000 ቤተሰብ ደረሰ። ማን የትኛው ምድብ እንደሚገባ የወሰነው ዕጣ ነው። ሀብታም ድሃ፣ ሽማግሌ ወጣት፣ ነቅቶ የሚከታተል ደንታ የሌለው፣ ሁሉም ምድብ ውስጥ በእኩል ተበትኗል። ስለዚህ በመጨረሻ ልዩነት ከታየ ከደብዳቤው በቀር የሚጠረጠር ነገር የለም።

አራቱም ደብዳቤዎች «የዜግነት ግዴታህን ተወጣ፤ ምረጥ» ይላሉ። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ባለው ነው።

የመጀመሪያው በምክር ያበቃል። ዴሞክራሲ የሚቆመው ዜጋ ሲሳተፍ ነው፣ መብትህንና ኃላፊነትህን አስታውስ፣ ይላል። ከትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የተቀዳ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው «እየተጠናህ ነው» ይላል። ምን ያህል ሰው እንደሚመርጥ ከመዝገብ እናያለን፣ የአንተን ጉዳይ ግን ለማንም አናወጣም የሚል ማረጋገጫ አለው።

ሦስተኛው ይከብዳል። «ማን እንደመረጠ ለሕዝብ ክፍት መረጃ ነው» ብሎ ይጀምርና እዚያው ቤት የሚኖሩ የተመዘገቡ መራጮችን በስም ይዘረዝራል። ከስማቸው ትይዩ በ2004 ማጣሪያና ዋና ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠታቸው ተጽፏል። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው ማለት ነው። ከምርጫው በኋላ የታደሰ ሰንጠረዥ እንልካለን ይላል።

አራተኛው ነው ታሪክ የሠራው። ርዕሱ «መምረጥ አለመምረጥህን ጎረቤቶችህ ቢያውቁስ?» ይላል። ከታች ሰንጠረዥ አለ። በግራ የመንገዱ ስምና የቤት ቁጥር ከነሙሉ ስም። መጀመሪያ የተቀባዩ ቤተሰብ፣ ቀጥሎ የጎረቤት፣ ቀጥሎ የሌላ ጎረቤት። በቀኝ በኩል ሦስት ዓምዶች፤ ኦገስት 2004፣ ኖቬምበር 2004፣ ኦገስት 2006። በሁለቱ ያለፉ ምርጫዎች ሥር ማን እንደመረጠ ተሞልቷል። የመጨረሻው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ከምርጫው በኋላ ሰንጠረዡን ሞልተን እንልካለን፣ አንተም ጎረቤቶችህም ማን እንደመረጠና ማን እንደቀረ ታውቃላችሁ፣ ይላል። እስቲ ይህን ወረቀት ከፖስታ ሳጥን አውጥተህ ስታነብ፣ ያኛው ጎረቤትህም በዚያችው ሰዓት ስምህን እያነበበ ይሆን ብለህ ስታስብ ራስህን አስበው።

ምርጫው አለፈ፤ መዝገቡ ተመሳከረ።

ምንም ካልተላከላቸው ውስጥ የመረጡት 29.7 በመቶ ናቸው። ምክሩ የተላከላቸው 31.5። እየተጠናህ ነው የተባሉት 32.2። የቤተሰባቸው ስም የተዘረዘረላቸው 34.5። ጎረቤት ያያችኋል የተባሉት 37.8።

የመጨረሻው ከማነጻጸሪያው በ8.1 ነጥብ ይበልጣል። ለአንድ ነጠላ ደብዳቤ ይህ ተሰምቶ አያውቅም ነበር። በር ለበር ሰው አሰማርቶ፣ ጫማ አስጨርሶ የሚገኘውን ያህል ውጤት አንድ ወረቀት አመጣው። ጥናቱ በ2008 ሲታተም ዘርፉን ያናወጠው ለዚህ ነው።

እኔን ግን ከ8.1 ይልቅ የሚይዘኝ 1.8 ነው። ምክሩ ብቻውን ያመጣው ጭማሪ እሱ ነው። ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ መብት፣ ስለ ኃላፊነት የተጻፈው ሁሉ ያንቀሳቀሰው ከ100 ሰው ሁለት አይሞላም። ያንኑ ምክር ከሥሩ የጎረቤት ስም ብትጨምርበት ጉልበቱ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። የራይከር እና የኦርድሹክ «ግዴታ» ከውስጥ የሚመነጭ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ትልቁ ክፍል ሰው ምን ይለኛል ነው። መልሱ ከሰው አፍ ያልተገኘውም ለዚህ ይመስለኛል። «ጎረቤቴን ፈርቼ ነው የመረጥኩት» ብሎ ለጠያቂ የሚናገር ማን አለ?

ለእኛ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። እድር ውስጥ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ቀብር ላይ ስም ሲጠራ «የለም» መባል ከሚከፈለው ቅጣት በላይ ያሳፍራል። ገንዘቡ ኪስ ይጎዳል እንጂ ስሙ ነው የሚያመው። ሚሺጋን ላይ ቅጣት የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። ስም መጥራት ብቻውን በቃ።

ተቃራኒውን መንገድ ሄዶ እዚያው የሚደርስ ማስረጃ ደግሞ ከስዊዘርላንድ አለ። የስዊዝ ካንቶኖች (የአገሪቱ ክፍለ ግዛቶች) አንድ በአንድ በፖስታ መምረጥን ፈቀዱ። ድካሙ ስለሚቀንስ ተሳትፎው ሊያሻቅብ ይገባ ነበር። ፓትሪሻ ፈንክ የተባለች ኢኮኖሚስት በ2010 ባሳተመችው ጥናት ያገኘችው ግን ሌላ ነው። በአማካይ የረባ ጭማሪ አልታየም፤ በትናንሽ መንደሮች ጭራሽ የተዳከመበት አለ። የእሷ ማብራሪያ ለመቀበል አይከብድም። ትንሽ መንደር ውስጥ እሁድ ጠዋት ጣቢያው ጋ ብቅ ያላለ ሰው ይታወቃል። በፖስታ መላክ ከተቻለ ግን ማን ያውቃል? «በፖስታ ልኬያለሁ» ብሎ መገላገል ነው። ሰልፉን ሲያስቀሩለት የሚያየውን ዓይንም አስቀሩለት።

ፌስቡክም በ2010 በ61 ሚሊዮን ተጠቃሚ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሞክሯል። ዛሬ የምርጫ ቀን ነው የሚል ማስታወሻ ብቻ ያዩት ሰዎች አልተንቀሳቀሱም። መርጠናል ያሉ ጓደኞቻቸውን ፎቶ አብረው ያዩት ተንቀሳቀሱ። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ጭማሪው ኢምንት ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ሲባዛ ግን ተመራማሪዎቹ 340,000 ያህል ተጨማሪ ድምፅ ነው ብለው ገምተውታል።

ወደ ሚሺጋን እንመለስ። ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ተናደዋል። ሊናደዱም ይገባል። ማንም አላስፈቀዳቸውም። መረጃው ሕጋዊ ይሁን እንጂ፣ መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ መረጃና ጎረቤትህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መረጃ አንድ አይደሉም። በዚህ ላይ «ምርምር ነው» የሚለው መልስ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

ፖለቲከኞች ቁጥሩን ሲያዩ አማራቸው፤ ቁጣውን ሲያዩ ፈሩ። ያሳፈረህን ዕጩ ማን ይመርጠዋል? ስለዚህ የደብዳቤው መርዝ ይቀነስ ጀመር። አንዳንዶቹ ማሸማቀቁን ወደ ምስጋና ቀየሩት፤ «ባለፈው ስለመረጡ እናመሰግናለን፣ ዘንድሮም ልናመሰግንዎ ተስፋ እናደርጋለን» የሚል ዓይነት። ኮስታስ ፓናጎፑሎስ የተባለ ተመራማሪ ምስጋናውን ሞክሮት ሠርቶለታል፤ ጭማሪው ግን ከ8.1 በብዙ ያነሰ ነበር። ነገሩ ያው ነው። ምስጋናውም ቢሆን «አይተንሃል» ነው የሚለው፤ በትህትና መሆኑ ነው ልዩነቱ።

መርዙን ያልቀነሱም ነበሩ። በ2016 የአዮዋ ካውከስ (ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት ዕጩ የሚለዩበት የመራጮች ስብሰባ) ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት የሴናተር ቴድ ክሩዝ ዘመቻ ለመራጮች ደብዳቤ ላከ። ላዩ ላይ «የምርጫ ጥሰት» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። የተቀባዩና የጎረቤቶቹ ስም ከነ«ውጤታቸው» ተደርድሯል፤ እንደ ተማሪ ካርድ ኤፍ የተሰጠው ሁሉ አለ። የግዛቱ ምርጫ ኃላፊ ፖል ፔት፣ ራሱም ሪፐብሊካን ነው፣ ወዲያው መግለጫ አወጣ። ደጋግሞ አለመምረጥ ጥሰት የሚባል ነገር የለም፣ ደብዳቤው የአዮዋን የምርጫ ሕግ አዛብቶ ያቀርባል አለ። ክሩዝ ይቅርታ አልጠይቅም ብሎ መለሰ። ካውከሱንም አሸነፈ። በደብዳቤው ምክንያት ነው ማለት ግን አይቻልም። ዕጣ አልወጣ፣ ማነጻጸሪያ የለ፤ በምን ይታወቃል?

የሚሺጋኑና የአዮዋው ደብዳቤ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ለእኔ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ያለውን መዝገብ እንዳለ አሳየ፤ የማንም ዕጩ ወገን አልነበረም። ሁለተኛው ጥፋት ያልሆነውን ጥፋት አስመሰለ፤ ለአንድ ዕጩ ጥቅም። ይሉኝታን መቀስቀስ አንድ ነገር ነው፤ የመንግሥትን ፍርሃት መበደር ሌላ ነው።

ይህ ልዩነት እኛ አገር ሲመጣ ይበልጥ ይሰፋል። በኢትዮጵያ ምርጫ የመረጠ ሰው ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባል። ቀለሙ የሚቀባው አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመርጥ ነው። ግን ሰኔ 2021 ጣቱን ይዞ ከሰልፍ የወጣ ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ ለሰፈሩ ማሳወቁ ነው። የሚሺጋኑ ሰንጠረዥ የሠራውን ሥራ እዚህ ጣት ይሠራዋል። እስከዚህ ድረስ ችግር አይታየኝም።

ችግሩ የሚመጣው የሚያየው ዓይን የመቅጣት አቅም ሲኖረው ነው። የሚሺጋኑ ጎረቤት ቢበዛ ያማሃል። ማዳበሪያ አይከለክልህም፣ መታወቂያ አያዘገይብህም። በኢሕአዴግ ዘመን የነበረውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። እዚያ ቀበሌውም ፓርቲውም አገልግሎት ሰጪውም በብዙ ቦታ ያው ሰው ነበር። ተቃዋሚዎችና የመብት ተሟጋቾች አደረጃጀቱ ሕዝቡን ለመከታተል ይውላል ብለው በተደጋጋሚ ከሰዋል። በ2010 ምርጫ ይፋ የተደረገው ተሳትፎ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ሚሺጋን ላይ በጎረቤት ዓይን ከተገኘው 37.8 ጋር ሲታይ ያስቀናል። ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ የይሉኝታው ስንት፣ የፍርሃቱ ስንት እንደሆነ በምን ይለያል? ሚሺጋን ላይ መለየት የተቻለው ምስጢሩ ምስጢር ሆኖ ስለቆየ ነው። የሚታየው መምጣትህ ብቻ ነው፤ የመረጥከው አይታይም፤ ብትቀርም የሚደርስብህ የለም።

ጥናቱን ከመጠን በላይ ማግነንም አያስፈልግም። ውጤቱ የመጣው ቀዝቃዛ በሆነ የማጣሪያ ምርጫ ነው። በ2012 ዊስኮንሲን ላይ አገረ ገዢውን ከሥልጣን ለማውረድ በተጠራውና አገሩ ሁሉ በጦፈበት ምርጫ ተመሳሳይ ሐሳብ ሲሞከር ጭማሪው እጅግ ያነሰ ሆነ። ሁሉም ሰው ሊወጣ በተነሳበት ቀን ስም መጥራት ብዙ ትርፍ የለውም። በሌላ በኩል የሚሺጋኑ ውጤት በማግስቱ አልተነነም። ተመራማሪዎች በቀጣዮቹ ዓመታት ምርጫዎች መዝገቡን ሲያዩ፣ ያ ደብዳቤ የደረሳቸው ሰዎች አሁንም በመጠኑ ይበልጥ ሲመርጡ ተገኝተዋል።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጥናቱ ውስጥ የገቡት በኖቬምበር 2004 የፕሬዚዳንት ምርጫ የመረጡ ሰዎች ናቸው። በዚያ ግርግር ውስጥ እንኳ ያልመረጡት፣ ሞተው ወይም ሰፈር ለቀው ይሆናል በሚል ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ደብዳቤው ያነቃው መምረጥ ያውቅበት የነበረን፣ ዘንድሮ ግን የሰነፈን ሰው ነው። መርጦ ስለማያውቀው፣ ከነጭራሹ ተስፋ ስለቆረጠው ሰው የሚነግረን የለም። ከመራጮቹም ቢሆን ስሙ ከነጎረቤቶቹ ተዘርዝሮ፣ የሚሞላ ባዶ ዓምድ ተሰጥቶት ሳለ፣ ከ100 ሰው 62ቱ አልሄደም። ስለ እነዚህኞቹ፣ ስለ ጎረቤት ዓይን ግድ ስለሌላቸው፣ የተጻፈው ጥናት ደብዳቤው ስላንቀሳቀሳቸው 8 ሰዎች ከተጻፈው እጅግ ያንሳል።